ዱባውን ከእንጆሪው አርቂው፤ ከግቢው ግን አታውጪው

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከቤታችን ጀርባ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር የሚሆን ጓሮ አለን። ሰኔ መጀመሪያ ላይ 20 የእንጆሪ ችግኝ ገዝቼ ተከልሁ። እናቴ ደግሞ እንደ ልማዷ ከመደቡ ዳር ሦስት ቦታ ዱባ ዘራች። አብረው ይስማማሉ፣ የዱባው ቅጠል መሬቱን ይሸፍንለታል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ዝም አልሁ። አሁን ነሐሴ ላይ እንጆሪው ሳይቀላ ይበሰብሳል፤ ዱባውም አበባው ብዙ ነው፣ ፍሬ ግን አይዝም። እናቴ ‹እንጆሪሽን ንቀዪው› ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ዱባው ይነቀል እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?»

እህቴ፣ ማናችሁም ምንም አትንቀሉ። ዱባው ዘንድሮ ባለበት ይጨርስ። እንጆሪው ደግሞ መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲቀንስ ከዚያው ጓሮ ወደ ሌላ ጥግ ይዛወር። ሁለቱ በአንድ ግቢ መኖር ይችላሉ፤ በአንድ መደብ ግን አይሆንላቸውም። ለምን እንደሆነ ካወቅሽ የሚቀጥለውን ዓመት ራስሽ ታቅጂዋለሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እንጆሪ ስልሽ በየአጥሩና በየወንዙ ዳር እሾሃም ሆኖ የሚበቅለውን፣ እረኞች የሚለቅሙትን ማለቴ አይደለም። ያ ቁጥቋጦ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ከፊል ጥላም ይችላል። አንቺ የተከልሽው ገበያ ላይ ስትሮቤሪ የሚሉት ነው፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ የሚል፣ ሙሉ ፀሐይ የሚፈልግ ተክል። ሁለቱንም በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ለአንዱ የተሰጠው ምክር ለሌላው እየዋለ ብዙ ሰው ሲቸገር አይቻለሁ።

ነገ ማለዳ ዝናቡ ሳይጀምር ወደ ጓሮ ውጪና አንዱን ሰፊ የዱባ ቅጠል በሁለት እጅሽ ቀና አድርጊው። ከሥሩ ያለው አፈር ዝናቡ ካቆመ ስንት ሰዓት አልፎትም እንደረጠበ ነው። የእንጆሪው ቅጠል አገዳው ቀጥኖና ረዝሞ ብርሃን ፍለጋ ያንጋጥጣል። ፍሬዎቹ አፈር ላይ ተኝተዋል። አንዱን ስታነሺው በታች በኩል ቡናማ ሆኖ ለስልሷል፤ በላዩ ላይ የአይጥ ጠጉር የመሰለ ግራጫ ነገር በቅሎበታል፤ እፍ ስትዪው እንደ አመድ ይበናል። እዚያው አጠገብ የሚያብለጨልጭ የልጋግ መስመር ካየሽ ደግሞ ሌሊት ቅርፊት አልባው ቀንድ አውጣ መጥቶ ነበር ማለት ነው።

ያ ግራጫው ነገር ሻጋታ ነው። ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ አበባና ፍሬው ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሲሆን ይመቸዋል። የደብረ ማርቆስ የነሐሴ ቀን ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ ነው። ፍሬውን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ገና አበባ እያለ ነው፤ ስለዚህ መበስበሱን ባየሽ ጊዜ በሽታው ከገባ ሳምንታት ሆኖታል። ነፋስ ቢያገኘው፣ ጥቂት ፀሐይ ቢያርፍበት ቅጠሉ ይደርቅና ሻጋታው ይዳከማል። የዱባው ቅጠል ግን ሁለቱንም ይከለክለዋል። ዱባው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከሥሩ ለተኛ አጭር ተክል ጣራ ስለሆነበት ነው። ይህን በመድኃኒት ልመክተው ብትዪ ድካምሽ ነው የሚቀረው፤ ጣራው እስካለ ድረስ እርጥበቱ አይለቅም።

«የዱባ ቅጠል መሬት ይሸፍናል» ያሉሽ ሰዎች ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። በቡሬና በወምበርማ በኩል በበቆሎ ማሳ ውስጥ ዱባ መጣል የቆየ ልማድ ነው፤ ጥሩ ልማድም ነው። ቅጠሉ አረሙን ያፍናል፣ እርጥበት ይይዛል። እዚያ የሚሠራው ግን በቆሎው ከዱባው በላይ ስለሚቆም ነው፤ ፀሐዩን መጀመሪያ የሚያገኘው በቆሎው ነው። እንጆሪን በበቆሎው ቦታ ስትተኪው ግን ረዥሙ ሄዶ አጭሩ መጣ ማለት ነው።

ሌላው ነገር ዕድሜ ነው። እንጆሪ አንዴ ከተተከለ 3 ዓመት ያህል በደንብ ያፈራል። ሥሩ አብዛኛው ከላይ ባለው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ መነካካት አይወድም። ዱባ የአንድ ወቅት እንግዳ ነው፤ በየዓመቱ ይቆፈርለታል፣ ፍግ ይገባለታል፣ ሲጨርስ ይነቀላል። ዘመዳሞቹ ዱባና ቅል እንኳ አበቃቀላቸው ለየቅል ከተባለ፣ ከጽጌረዳ ወገን የሆነው እንጆሪና ዱባማ እንዴት አንድ ይሁኑ? ከዓመታት በፊት ዳንግላ ስሠራ በተከራየሁት ቤት ጓሮ ሁለቱን አጎራብቼ ተክዬ ነበር። ኅዳር ላይ የደረቀውን የዱባ ግንድ ስስብ ሥሩ ሦስት የእንጆሪ እግሮችን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን አቀራርቤ አላውቅም።

አሁን ወደ ዱባው። እናትሽ ዱባውን ለማስነቀል አለመፍቀዳቸው ልክ ነው፤ ምክንያቱም ዱባው አልታመመም። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሐረግ ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ የሚወጡት ወንዴዎቹ ናቸው፤ ሴቴዎቹ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ዘግይተው ይከተላሉ። ከአበባው ሥር ተመልከቺ፦ ቀጭን አገዳ ብቻ ከሆነ ወንዴ ነው፤ ጣት የምታህል ትንሽ ዱባ ከሥሩ ካለች ሴቴ ነው። ሴቴዎቹ ወጥተው ያቺ ትንሽ ዱባ ቢጫ ሆና የምትረግፍ ከሆነ ግን ብናኝ አልደረሳትም ማለት ነው። በነሐሴ ዝናብ ንብ ከቀፎ አይወጣም፤ ብናኙም ውሃ ከነካው ይበላሻል። አደይ አበባ ፈንድቶ ንብ ሜዳውን ሲሞላው ነገሩ በራሱ ይስተካከላል። እስከዚያ በእጅሽ መርዳት ትችያለሽ።

የሚደረገው እንዲህ ነው። የዱባ አበባ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፤ ቀትር ሳይሆን ይከደናል፤ ያችኑ አንድ ቀን ነው ያላት። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጪ። በዋዜማው ማታ ሊከፈት የደረሰ፣ ጫፉ ቢጫ መሆን የጀመረ ወንዴና ሴቴ እንቡጥ መርጠሽ አፋቸውን በክር ለስለስ አድርገሽ እሰሪ፤ ሌሊት ዝናብ ቢጥል ብናኙ ይተርፋል። ጠዋት ወንዴውን ከነአገዳው ቁረጪ፣ ቢጫውን ቅጠል ገሽልጪለት፤ መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ ብቻውን ይቀራል። ጣትሽን ብታስነኪው ቢጫ ዱቄት ይይዝሻል። እሱን የሴቴዋ አበባ መሐል ላይ ባለው በተከፋፈለው ጉብታ ዙሪያውን አሺው። ለአንዲት ሴቴ አንድ ወይም ሁለት ወንዴ ይበቃል። ከዚያ ሴቴዋን መልሰሽ እሰሪያት። በሳምንት ውስጥ ትንሿ ዱባ አንገቷን ወደ መሬት ደፍታ መወፈር ከጀመረች ይዛለች።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ዱባችሁ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሐረጉ ብቻ የሚሮጥ ከሆነ ዩሪያም ሆነ ትኩስ ፍግ አትጨምሩለት። ናይትሮጅን ሲበዛበት ወደ ቅጠል ያደላል።

ስለ አፈሩም እናትሽ የሚያውቁት ነገር አለ። በጎጃም እናቶች ዱባን አመድ መድፊያው አጠገብ የሚዘሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የብዙው ጎጃም ቀይ አፈር፣ በተለይ በአዊና በምዕራቡ በኩል፣ ኮምጣጣ ነው። አመድ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም ይሰጣል፤ ዱባ ደግሞ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ6 እስከ 6.8 የሆነ አፈር ይስማማዋል። እንጆሪ ትንሽ ኮምጣጣ ይመርጣል፤ ከ5.5 እስከ 6.5 ደስ ይለዋል። ስለዚህ የምድጃው አመድ ወደ ዱባው ጉድጓድ ይሂድ፤ በእንጆሪው መደብ ላይ አትበትኚው። አፈርሽ ምን ያህል ኮምጣጣ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም፤ ኖራ ስለመጨመር ከማሰብሽ በፊት የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ስለ አፈር ምርመራ ጠይቂ።

ቦታውን እንዴት እንደምትከፋፍዪው ልንገርሽ። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በላይ ወይም ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ትውላለች። ከመስከረም እስከ መጋቢት ግን በደቡብ በኩል ናት፤ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። እንጆሪሽን የምትለቅሚው ደግሞ በዚያው በበጋው ነው። ስለዚህ እንጆሪው በጓሮው ደቡባዊ ዳር ይሁን፣ ዱባው በሰሜኑ አጥር ሥር። በመካከላቸው ቢያንስ 2 ሜትር ይኑር። የዱባው ሐረግ 4 እና 5 ሜትር ይሄዳልና ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ ሐረጉ ገና ግማሽ ሜትር ሳለ ጫፉን ወደ አጥሩ አዙሪው። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ዞር እያልሽ ካየሽው ራሱ መንገዱን ይይዛል። በአጥሩ ላይ ከወጣ ፍሬው ሲከብድ በጆንያ ቁራጭ ደግፊው። ሦስት ቦታ መዘራቱ ለ24 ካሬ ሜትር ይበዛል፤ ለከርሞ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጉድጓድ ይበቃችኋል። ባሕር ዛፍ በአጥሩ ማዶ ካለ እንጆሪውን ከዚያ በኩል አርቂው፤ የባሕር ዛፍ ሥር ውሃውን አያስቀርለትም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ እንጆሪውን ወደማዛወሩ። ጳጉሜን ላይ አዲሱን መደብ አዘጋጂ፦ 3 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ። መሬትሽ ዋልካ ከሆነ 25 አድርጊው፤ እንጆሪ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይሞታል። በደንብ የበሰበሰ፣ ሽታው የጠፋ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅዪበት። ትኩስ ፍግ ግን በፍጹም አይግባ። እንጆሪ ሳይቀቀል የሚበላ ነው፤ ትኩስ ፍግ ከገባበት ቀን እስከ ለቀማው ቢያንስ 4 ወር ሊያልፍ ይገባል። መደቡ ቀድሞ ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ የነበረበት ከሆነ ሌላ ቦታ ምረጪ፤ የእነዚህ ሥር በሽታ አፈር ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ እንጆሪን ያጠወልጋል። ድንች በየጓሮው በሚተከልበት በእኛ አገር ይህን ማንም አያስታውሰውም፤ በኋላ «ችግኙ መጥፎ ነበር» ይባላል።

ከመስቀል በኋላ ደመና የሆነበትን ቀን ወይም አመሻሹን ጠብቂ። እያንዳንዱን እግር ከነአፈሩ አንሺ፣ አሮጌውንና ነጠብጣብ የወጣበትን ቅጠል ቆርጠሽ ከመሐል ያሉትን ሁለት ሦስት ለጋ ቅጠሎች ብቻ ተዪ። ቅጠሎቹ ሁሉ የሚፈልቁባት ጉብ ያለች አጭር ግንድ አለች፤ እኔ ልብ እላታለሁ። የእንጆሪ ተከላ ሁሉ ነገሩ እዚህች ላይ ነው። ልቧ ከአፈር በታች ከተቀበረች ትበሰብሳለች፤ ሥሯ እስኪታይ ከፍ ካለች ትደርቃለች። ግማሿ ከአፈሩ እኩል ሆና አናቷ መታየት አለበት። ከተከልሽና ካጠጣሽ በኋላ አፈሩ ይቀመጣልና በማግስቱ ተመልሰሽ እያንዳንዷን በጣትሽ ዳስሺ፤ የተቀበረችውን ግለጪ፣ የወጣችውን አፈር አልብሺ። በሁለት መሥመር፣ በእግርና በእግር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመሥመር መካከል 40 አድርገሽ ስትተክዪ 20ዎቹ በ3 ሜትሩ ልክ ይገባሉ።

መሬቱን መሸፈን የሚለውን ሐሳብሽንም አልጣልሁትም፤ ሸፋኙ ብቻ ይቀየር። የጤፍ ጭድ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፊበት፣ ከልቧ ጥቂት ራቅ አድርገሽ። ፍሬው ከአፈር ይለያል፣ እርጥበቱ ይቆያል፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃ አይፈናጠርበትም። ጭድ ለከብት ተፈልጎ ከተወደደባችሁ የስንዴ ገለባ ወይም ዘር ሳይቋጥር የታጨደ ደረቅ ሣር ይሆናል።

ውሃውን አስቢበት፤ በበጋ የሚያሸንፈው ሰው ጥቂት ነው። እንጆሪ በሳምንት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ለ3 ካሬ ሜትር መደብ ይህ 75 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ሊሞላ ጥቂት የጎደለ። በአንድ ቀን አታፍሺው፤ ለሁለትና ሦስት ጊዜ ከፍለሽ በማለዳ፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጪ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገርሽ። የአውሮፓ የአትክልት ምክር እንጆሪ በዓመት አንድ ወቅት ያፈራል ይላል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ዝርያዎች አበባ የሚቋጥሩት ቀኑ ከ14 ሰዓት ገደማ ሲያጥርና አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። በእኛ አገር ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል ብዙም አይወርድም። እንግዲህ በደጋው ለእንጆሪ ዓመቱን ሙሉ የአበባ ወቅት ነው። ይህ በረከት ነው፤ ክረምት ላይ ግን ተክሉን ያደክመዋል። ሰኔ ላይ ተክለሽ ነሐሴ ላይ ፍሬ ማየትሽ ከዚሁ የተነሣ ነው። ለከርሞ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን የሚወጣውን አበባ ሁሉ በጥፍርሽ ቆርጠሽ ጣዪ። ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ግን ያ አበባ የሚሰጥሽ የበሰበሰ ፍሬ ነው፤ ተክሉ ጉልበቱን ለሥሩ ካዋለው ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ግንቦት የምትለቅሚው ጠንካራና ጣፋጭ ይሆናል። ከአበባ እስከ ብስለት አራት ሳምንት ይፈጃል፤ በደጋው ቅዝቃዜ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ሊጨምር ይችላል። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት አበባው መሐሉ ይጠቁራል፣ እግሩ ግን አይሞትም፤ ማታ ማታ ጆንያ ጣል አድርጊበት። ዱባ ግን ውርጭ አይችልም። እንደ ክር የሚሳቡት ሯጮችም ጉልበት ይወስዳሉ፤ ለማባዛት የምትፈልጊያቸውን ብቻ አስቀርተሽ ሌላውን ቁረጪ።

ከእንጆሪው ጎን ባዶ መሬት አልወድም ካልሽ ነጭ ሽንኩርት ወይም ሰላጣ ትከዪበት፤ አጫጭር ናቸው፣ ብርሃን አይጋርዱም። ዱባ ነክ ነገር በቅርብ ካላየሁ ብትዪ ደግሞ ዝኩኒ አለ። እሱ አይሳብም፣ በአንድ ቦታ ይቆማል፤ ከተዘራ በ50 ቀን ገደማ መቆረጥ ይጀምራል። ከእንጆሪው በሰሜን በኩል 1 ሜትር አርቀሽ በመስኖ ጥር ወይም የካቲት ላይ ዝሪው። ዝኩኒና ዱባ አጎራብተሽ ካበቀልሽ ግን ከፍሬያቸው ዘር ለከርሞ አታስቀሪ፤ አንዳንዶቹ ይዳቀላሉ። ከእንዲህ ዓይነት ዘር የወጣ ዱባ መራራ ከሆነ ተፉትና ጣሉት፤ መራራው ነገር መርዝነት አለው፣ ቢቀቀልም አይለቅም። እንጆሪና ዱባ ግን አይዳቀሉም፤ ጣዕሙ ይበላሻል የሚል ካለ አትስጊ።

እስከ መስቀል ድረስ ያለው ሥራሽ ቀላል ነው። የበሰበሰውን ፍሬ በየሁለት ቀኑ ለቅመሽ ከጓሮው አውጪና ቅበሪው፤ መደቡ ላይ ከተውሽው ሻጋታው ወደ ቀሪው ይዛመታል። በእንጆሪው ላይ የተጋደሙትን የዱባ ቅጠሎች ብቻ ከአገዳቸው ቁረጪ፣ ሐረጉን አትንኪ። የያዙት ዱባዎች ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይደርሳሉ። አንገቱ ደርቆ እንደ ቡሽ ሲሆን፣ ቆዳው ላይ ጥፍርሽን ስትጫኚበት አልገባ ሲልሽ ጊዜው ነው፤ ያኔ አንገቱን አራት ጣት ያህል አስቀርተው እናትሽ በቢላዋ ይቁረጡት፤ ያለ አንገት የተቆረጠ ዱባ ጎተራ ሳይደርስ ከዚያው በኩል መበስበስ ይጀምራል።